የወደዱት ነገር እንጀራ ሲሆን

ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለወጣቶችና ለወላጆች

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በማለዳ ተነሥቶ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው የሐዋሳ ከተማ ቀን እንዴት እንደሚጀምር ያያል። ሌሊቱን መረባቸውን ሐይቁ ላይ ዘርግተው ያደሩ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ያስጠጋሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው ይራገፋል። ቢላዋ የያዙ ወጣቶች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ አንገታቸውን ቀብረው የሚጣልላቸውን ይጠባበቃሉ። እዚያ ቆመን ስንመለከት አንድ ነገር ልብ አልን። ቢላዋ ከያዙት መካከል አንዳንዱ ፊቱን አጨማዶ ቀኑን የሚገፋ ነው። አንዳንዱ ግን እጁ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ይመላለሳል፤ የፋቀውን መልሶ ያያል፣ ያጥባል፣ አስተካክሎ ይደረድራል። ደንበኛውም ሌላውን አልፎ ወደ እሱ ይመጣል። ቢላዋው ያው ቢላዋ ነው፤ ዓሣውም ከዚያው ሐይቅ የወጣ ነው። ልዩነቱ ሰውየው ለሥራው ባለው ልብ ላይ ነው።

ለመሆኑ ሰው የሚወደውን ነገር እንጀራው ማድረግ ይችላልን? ቢችልስ ሥራው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለዲኑ የሚጠቅም እንዲሆን ምን ያስፈልገዋል? በዚህ ወር ዝግጅታችን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ከእናንተ ጋር ልንወያይ ወደናል።

«ይሄ ነገር እንጀራ አይሆንህም!»

በብዙ ቤት የሚሰማ ጭቅጭቅ አለ። ልጁ የተበላሸ ሬድዮና ስልክ ፈታትቶ መግጠም ይወዳል፤ አባት «ይሄ ነገር እንጀራ አይሆንህም፤ ትምህርትህን ተማር!» ይላሉ። ልጅቱ ጨርቅ ቆርጣ መስፋት ትወዳለች፤ እናት «መርፌ ይዞ ከመዋል ቢሮ መግባት ይሻልሻል» ይላሉ። ልጆቹም ዝም ይላሉ። ዝም ያለ ልጅ ግን ሐሳቡን ጥሏል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ያልወደደውን ትምህርት ጨርሶ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሥራ ፈት ይሆናል። አንዳንዱ ለቤተሰቡ ሳይነግር ከደላላ ጋር ተነጋግሮ የስደት መንገድ ይጀምራል። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቁት የሐዲያና የከምባታ አካባቢዎች ስንቱ ቤተሰብ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸኝቶ ስልክ ሲጠብቅ እንደሚያድር የምናውቀው ነው።

የወላጆች ሥጋት ከንቱ አይደለም። ልጃቸው በልቶ እንዲያድር ይፈልጋሉ። ነገር ግን የልጅን ዝንባሌ መናቅና ዝንባሌን ወደ ሥራ ለመለወጥ መርዳት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህንን በሚገባ የሚያሳይ ታሪክ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር እናገኛለን።

ከአሰላ ገጠር እስከ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

በሐይቁ ዳርቻ የሚገኘውን ኃይሌ ሪዞርት የማያውቅ የሐዋሳ ነዋሪ የለም። ባለቤቱ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ኃይሌ የእስልምና ተከታይ አይደለም። ይሁን እንጂ ሙያንና ጥሩ ልምድን ከባለቤቱ መማር ለሙስሊም ነውር አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ሰው ገና እስልምናን ያልተቀበለ፣ ነገር ግን መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅና የታመነ ሰው እንደነበረ የሲራ መጻሕፍት ይነግሩናል።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1973 በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አሥር ልጆች ካሉበት ቤት አንዱ ነው። ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር በየቀኑ እየሮጠ ይሄድ፣ እየሮጠም ይመለስ ነበር። ደብተሩን በብብቱ ይዞ ከመሮጡ የተነሣ ታዋቂ ሯጭ ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የመሮጥ ልማድ እንደቀረበት ይነገራል። ምሩጽ ይፍጠር በ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ዜናውን በሬድዮ የሰማው የሰባት ዓመቱ ልጅ የልቡን መንገድ ያን ጊዜ አገኘ። አባቱ ግን ሩጫን ከእርሻና ከትምህርት የሚያዘናጋ ነገር አድርገው ያዩት ነበር። እንግዲህ «ይሄ ነገር እንጀራ አይሆንህም» የሚለው ቃል በዚያም ቤት ነበረ ማለት ነው።

የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1992 በሴኡል የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ5000 እና በ10000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። ከ1993 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በ10000 ሜትር አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ልዩነት ነበር። በ2008 በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይህ ሁሉ የሯጩ ታሪክ ነው። የዛሬው ጉዳያችን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ስፖርተኛ በሩጫ ያገኘውን ገንዘብ ጉልበቱ ሲደክም አብሮ ያጣዋል። ኃይሌ ግን ገና እየሮጠ ሳለ ገንዘቡን ወደ ሥራ መለሰው። ሕንፃ ሠራ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር ከመሥራቾቹ ግንባር ቀደም ሆኖ ሩጫን የሕዝብ በዓል አደረገው፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በየዓመቱ አሥር ሺዎች የሚሮጡበት ነው። በ2010 ደግሞ የሐዋሳውን ሪዞርት ከፈተ። ከዚያ በኋላ በአርባ ምንጭ፣ በአዳማ፣ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች ሆቴሎች ተከተሉ። ዛሬ በሥሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራቸውን ያገኛሉ።

ሩጫ የሆቴል ሥራ አያስተምርም የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ አልጋ ማንጠፍና ወጥ መሥራት አያስተምርም። ግን በማለዳ መነሣትን፣ ዛሬ ውጤት ባይታይም ነገ መድገምን፣ ሽንፈትን ተቀብሎ ጉድለትን ማረምን፣ ሰዓትን ማክበርን ያስተምራል። ኃይሌ ሆቴሎቹን በሚመራበት ጊዜ እንኳ ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት በማለዳ የመሮጥ ልማዱን አልተወም። ሰው የሚወደውን ነገር ከልቡ ሲይዘው ነገሩ ጠባይ ሆኖ ይቀርለታል። ያ ጠባይ ደግሞ ወደ ሌላ ሥራ ሲገባ አብሮት ይገባል።

ዝንባሌ ብቻውን ሥራ አይሆንም

እዚህ ላይ ወጣቶችን አንድ ነገር ማስጠንቀቅ እንወዳለን። «የምወደውን ብቻ እሠራለሁ» ብሎ ቁጭ ማለት የስንፍና ሌላ ስም ሊሆን ይችላል። ኳስ ማየት መውደድና ኳስ መጫወት አንድ አይደለም። መብላት መውደድና ምግብ ቤት መክፈትም እንዲሁ። እውነተኛ ዝንባሌ የሚፈተነው በአሰልቺው ክፍል ነው። ልብስ ስፌት የሚወድ ሰው ሙሉ ቀን ቁልፍ ሲተክል ሊውል ይችላል። ምግብ መሥራት የሚወድ ሰው ሽንኩርት ሲልጥና ድስት ሲያጥብ ያመሻል። ይህንን ክፍል ችሎ የሚቆይ ሰው ዝንባሌው እውነተኛ ነው። ያልቻለ ደግሞ ምኞት እንጂ ዝንባሌ አልነበረውም።

ሁለተኛው ፈተና ሌላ ሰው የሚፈልገው መሆኑ ነው። ንግድ ማለት የእኔ ደስታ ከሌላው ችግር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። እኔ የምወደው ነገር ለማንም ካልጠቀመ የትርፍ ጊዜ መዝናኛዬ ሆኖ ይቅር፤ ነውር የለበትም። ለሥራ ግን የሚገዛው ሰው ማነው፣ ምን ያህል ይከፍላል፣ ስንት ጊዜ ይመለሳል ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ሒሳብ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በረመዷን ሳምቡሳ ጠቅልላ መሸጥ የምትወድ አንዲት እኅት አለች እንበል። ለአፍጥር 100 ሳምቡሳ ሠርታ አንዱን በ15 ብር ብትሸጥ 1500 ብር ታገኛለች። ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱና ቅመሙ 900 ብር፣ ማብሰያው 100 ብር፣ መያዣውና የባጃጁ 100 ብር ቢፈጅባት ወጪዋ 1100 ብር ነው። ስለዚህ 400 ብር ተረፋት። ነገር ግን ሃያው ሳይሸጥ ቢያድር ገቢዋ ወደ 1200 ብር ይወርዳል፤ ትርፏም 100 ብር ብቻ ይሆናል። ከዚህ ላይ ሙሉ ቀን የደከመችበትን ጉልበቷን ስታስብ ኪሳራ ላይ ነች ማለት ነው። እንግዲህ ይህች እኅት የሚያስፈልጋት ሥራውን መተው ሳይሆን ትእዛዝ አስቀድማ እየተቀበለች በልኩ መሥራት ነው። ሳምቡሳውን መውደዷ ብቻ ይህንን አያሳያትም፤ ደብተርና እርሳስ ግን ያሳያታል።

ስለዚህ የሚወድደውን ነገር ሥራው ማድረግ የሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ይማር፤ በቴክኒክና ሙያ ተቋም ወይም በታወቀ ባለሙያ ሱቅ ውስጥ ከሥር ሆኖ ይሥራ። በትንሹ ይሞክር፤ ገቢና ወጪውን በየቀኑ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ያሳድገው።

ኒያ፣ ሐላልና አማና

በእስልምና ሥራ ከዲን ውጪ የቆመ ነገር አይደለም። የነቢያት ታሪክ የባለሙያዎች ታሪክ ጭምር ነው። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ) መርከብ ሠርተዋል። ነቢዩ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከብረት ጥሩር እየሠሩ በእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው በግ ጠብቀዋል፤ ወጣት ሆነው የእመት ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሸቀጥ ይዘው ወደ ሻም ነግደዋል። እመት ኸዲጃ ራሳቸው ገንዘባቸውን በታማኝ ሰዎች እጅ አድርገው የሚነግዱ ባለሀብት ነበሩ። ልጃቸው መነገድ የምትወድ እናቶች ይህንን ልብ እንዲሉ እንወዳለን።

ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ሀብታቸውን መካ ትተው ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ፣ ወንድም የተደረጉላቸው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ከንብረታቸው ግማሹን ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። እርሳቸው ግን መርቀው፣ ገበያው ወዴት እንደሆነ እንዲያሳዩአቸው ብቻ ጠየቁ። የደረቀ አይብና ቅቤ በመነገድ ጀመሩ። ከዚያም ከሰሐቦች መካከል ታላላቅ ባለሀብት ከሚባሉት አንዱ ሆኑ፤ ሀብታቸውንም በአላህ መንገድ እጃቸውን ሳይሰበስቡ ሰጡ። መነገድ የሚያውቁት ሥራቸው ነበር፤ ገንዘባቸውን ሲያጡ እውቀታቸው አልተወሰደባቸውም።

ለሙስሊም የወደደውን ሥራ ዓላማ ያለው የሚያደርገው ኒያው ነው። ቤተሰቡን ከልመና ለማዳን፣ የሰውን ችግር ለማቃለል፣ ዘካ ከሚቀበሉት ወጥቶ ከሚሰጡት ለመሆን ብሎ የሚሠራ ሰው፣ ዓሣ ሲፍቅም ሆነ ጨርቅ ሲቆርጥ በኢባዳ ላይ ነው። ያው ሥራ ለይታይልኝ ብቻ ከተሠራ ድካም ብቻ ይሆናል።

ከኒያ ቀጥሎ ሐላልና አማና ይመጣሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እህል ክምር ላይ እጃቸውን ሰደድ ሲያደርጉ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውንና፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ እንዲያደርገው ማስተማራቸውን እናውቃለን። ይህ ትምህርት ለዛሬው ዓሣ ሻጭ፣ ለስልክ ጠጋኙም ሆነ ለልብስ ሰፊው እኩል ይሠራል። ትናንት ያደረውን ዓሣ የዛሬ ነው ብሎ መሸጥ፣ አሮጌ የስልክ ዕቃ አስገብቶ የአዲስ ዋጋ መቀበል፣ ለኢድ አደርሳለሁ ብሎ የተቀበሉትን ልብስ ከኢድ በኋላ መስጠት ሁሉ ከዚያው ክምር ሥር የተደበቀ እርጥብ እህል ነው። ሥራውን በእውነት የሚወድ ሰው ያበላሸዋልን?

መነሻ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

«ሙያውም ፍላጎቱም አለን፤ ገንዘብ ግን የለንም፤ ወለድ ደግሞ ሐራም ነው» የሚለው የብዙ ሙስሊም ወጣት ቃል ነው። ወለድን መሸሻቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ግን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ሸሪክነት ነው። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ሙያና ጉልበት አቅርቦ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ የሚካፈሉበት ሙዷረባ፣ ሁለቱም ገንዘብ አዋጥተው የሚሠሩበት ሙሻረካ በሸሪዓችን የታወቁ ናቸው። ነገር ግን «ወንድማማች ነን» ተብሎ ሳይጻፍ የሚጀመር ሽርክና ስንት ወንድማማች አለያይቷል! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ዕዳ ሲኖር እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆም ያዘዘው ለእኛው ጥቅም ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ መተማመንን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው እቁብ ነው። ወለድ የሌለበት፣ አያቶቻችን ያቆዩን የቁጠባ መንገድ ነው። ዕጣው ሲደርስ የልብስ ስፌት መኪና ወይም የዳቦ ምድጃ ሆኖ የሚገባ እንጂ በአንድ ሠርግ የሚበላ እንዳይሆን ግን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

ሦስተኛው ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። በ2019 ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ መንገዱ ተከፈተ፤ በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀመሩ። በእነዚህ መስኮቶች ባንኩ ገንዘብ አበድሮ ወለድ ከመቀበል ይልቅ፣ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ በክፍያ መሸጥን የመሰለ ውል ያደርጋል። ወጣቶች ከመግባታቸው በፊት ውሉን አንብበው፣ ያልገባቸውን ጠይቀው፣ ዐሊሞችንም አማክረው ይግቡ።

ሥራው ካደገም ዘካን መርሳት የለብንም። የንግድ ዕቃና ጥሬ ገንዘብ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ጋር ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ሁለት ተኩል በመቶው የሚገባቸው ሰዎች ሐቅ ነው።

ጌታ መሆንና መሪ መሆን

ሥራው አድጎ ሁለት ሦስት ሰው የቀጠረ ሁሉ መሪ ሆኗል፤ ሐላፊነቱንም ይጠየቅበታል። ብዙ ባለሙያ ሥራውን ይወዳል፤ የሚያሠራቸውን ሰዎች ግን አያይም። እሱ ሌሊት ቢሠራ ስለሚደሰት ሠራተኛውም ሌሊት መሥራት ያለበት ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

በነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ታሪክ ውስጥ ለቀጣሪዎች የሚሆን ትምህርት አለ። በመድየን የነበሩት አዛውንት ልጅ ሙሳን እንዲቀጥሯቸው አባቷን ስትመክር ያነሣቻቸው ሁለት ነገሮች ጉልበትና ታማኝነት ነበሩ። ችሎታ ያለው ግን የማይታመን ሰው ሥራን ያፈርሳል፤ የሚታመን ግን ችሎታ የሌለውም እንዲሁ። አባትየውም በበኩላቸው የአገልግሎቱን ዘመን ስምንት ዓመት፣ ከፈቀደም አሥር ብለው በግልጽ ተናገሩ፤ ላስቸግርህ አልፈልግም አሉት። ሠራተኛ ሲቀጠር ሥራው፣ ሰዓቱና ደመወዙ መጀመሪያ ይነገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው ያስተማሩትን ደመወዝ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ማለት በደል ነው። የጁምዓ አዛን ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ሠራተኛውን ይዞ መስጊድ የሚሄድ፣ ከሶላት በኋላም ተመልሶ በአላህ ችሮታ ላይ የሚሰማራ ነጋዴ ለወጣት ሠራተኞቹ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

የወደዱት ሲፈርስስ?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ መልካም መልካሙን ነው። ነገር ግን ሐዋሳ መራራውንም አይታለች።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙበት። በ2021 መጨረሻ ግን ፒ.ቪ.ኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥር 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ተሠረዘች። ልጃገረዶቹ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ሥራቸውን የነካው ውሳኔ ግን ባሕር ማዶ ተወሰነ። ከዚያ ፋብሪካ የወጣች ልጅ የስፌት መኪናውን ትታ ብትወጣም በእጇ የገባው ሙያ ግን የራሷ ነው።

የራስ የሆነ ንብረትም ቢሆን ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በተነሣው ሁከት፣ ከሐዋሳ ብዙም በማትርቀው ሻሸመኔ ኃይሌ የሠራው ሆቴል ተቃጠለ። የዓመታት ድካም በአንድ ቀን አመድ ሆነ፤ ሠራተኞቹም ሥራ አጡ። ባለቤቱ ግን ሥራውን አልተወም፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ሆቴሎችን መክፈቱን ቀጠለ።

ሰው ልቡን በሕንፃው ላይ ብቻ ከሰቀለ ሕንፃው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። ልቡን በሙያው፣ በሚያገለግላቸው ሰዎችና ሪዝቅን በሚሰጠው አላህ ላይ ያሳረፈ ግን ይነሣል። ተወኩል ማለት ይህ ነው፤ ግመሏን አስሮ ከዚያ በአላህ መመካት። ንብረትን መጠበቅ፣ መቆጠብ፣ ሁሉን በአንድ ቦታ አለማስቀመጥ የእኛ ድርሻ ነው። ውጤቱ ግን የእርሱ ነው።

ትርፉ ሁሉ ብር አይደለም

እዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ንግድ ቢሆንም፣ ዝንባሌ ሁሉ ወደ ትልቅ ንግድ መድረስ አለበት ማለታችን አይደለም። ለዚህ ከሐዋሳ ወጣ ብለን በሐረር የሚገኝ ሙስሊም ወገናችንን እናስታውስ። አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ለረጅም ዘመን የሐረርን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦችና ዕቃዎች በራሳቸው ገንዘብ ሰበሰቡ። ሌላው እንደ አሮጌ ዕቃ የሚያየውን እርሳቸው እንደ አማና አዩት። በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም አደረጉት፤ በኋላም በጀጎል ውስጥ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ ተዛወረ። መጻሕፍቱን ከመሰብሰብ አልፈው ያረጁትን የመጠረዝና የመጠገን ሙያ ተማሩ። በዚህም ምክንያት ከሀገራችን የሙስሊሞች የጽሑፍ ቅርስ ሊጠፋ የነበረው ብዙ ነገር ተርፎ ለልጅ ልጅ ቆየ። ይህን በብር የሚተምነው ማነው? አንዱ በዝንባሌው ሺዎችን ይቀጥራል፤ ሌላው በዝንባሌው የአንድን ሕዝብ ትዝታ ያድናል። ሁለቱም ዓላማ ያለው ሥራ ነው።

ወላጆችና ልጆች ሆይ!

ውድ ወላጆች! ዛሬ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «ልጄ፣ ሳትታዘዝ የምትሠራው ሥራ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳትስቁ፣ ሳትቆጡ ስሙ። ሐራም ከሌለበት አትከልክሉት፤ ይልቁንም በአካባቢያችሁ በዚያ ሙያ የታወቀ ሐቀኛ ሰው ዘንድ ወስዳችሁ አስተዋውቁት። ትምህርቱን ሳይተው በዕረፍት ጊዜው ይሞክረው። የመጀመሪያውን የሒሳብ ደብተር እናንተ ግዙለት።

ውድ ወጣቶች! እናንተም ወላጆቻችሁን «አይገባቸውም» ብላችሁ አትሸሹ። በቃል ከመከራከር በሥራ አሳዩአቸው። አንድ ወር ሳታቋርጡ የሠራችሁትን፣ ያገኛችሁትንና ያወጣችሁትን ጽፋችሁ ፊታቸው ብታስቀምጡ፣ ትናንት «እንጀራ አይሆንህም» ያሉት አባት ነገ መነሻውን የሚሰጡት የመጀመሪያው ሸሪካችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ከመጀመራችሁ በፊትም ሁለት ረከዓ የኢስቲኻራ ሶላት ስገዱ፤ የጀመራችሁትንም አሳምራችሁ ሥሩት።

ወደ አሞራ ገደል እንመለስ። ፀሐይ ወጥታ ዓሣው ተሸጦ ሲያልቅ፣ ቢላዋውን አጥቦ፣ ቦታውን ጠርጎ የሚሄደው ያ ወጣት ነገ በማለዳ ተመልሶ ይመጣል። ምናልባት ከጊዜ በኋላ የራሱ ጀልባ፣ ከዚያም የራሱ ዓሣ ቤት ይኖረው ይሆናል። ባይኖረውም እንኳ ደንበኛው የሚያምነው፣ በላቡ የሚበላና ቤተሰቡን የሚያበላ ሰው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በሚወዱት ሐላል ሥራ ያብቃቸው፤ እጃቸውን ከመቀበል ይልቅ የሚሰጥ ያድርገው፤ በሪዝቃችን ላይ በረካውን ያውርድልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።